በአሜሪካ ትንሽ ኮሌጅ ዶርም ውስጥ መኖር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መጋቢትና ሚያዝያ ላይ የመቀበያ ደብዳቤ የሚደርሳቸው ተማሪዎች መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ ቪዛ ነው። ቪዛው ከተመታ በኋላ ጥያቄው ይለወጣል። የት ነው የምተኛው? ከማን ጋር? ምን እበላለሁ? ኮሌጁ ሲዘጋ የት እሄዳለሁ? ከዚህ በታች የተሰበሰቡት እነዚህ ናቸው። መልሶቹ የሚመለከቱት በአሜሪካ የሚገኙትን ትንንሽ የሊበራል አርትስ ኮሌጆች፣ ማለትም በአንድ ሙያ ሳይወሰኑ ሰፋ ያለ የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርት የሚሰጡትን፣ ነው፤ ለውጭ ተማሪ ከፍ ያለ የገንዘብ ድጋፍ ከሚሰጡት ተቋማት በርከት ያሉት በዚህ ጎራ ስለሚገኙ ከኢትዮጵያ የሚሄዱ ብዙ ልጆች ዕጣቸው እዚያ ይወድቃል። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

“ትንሽ” ሲባል ምን ያህል ነው?

አብዛኞቹ ከአንድ ሺህ እስከ ሦስት ሺህ ተማሪ አላቸው። በኬንተኪ ግዛት የሚገኘው ቤሪያ ኮሌጅ አንድ ሺህ አምስት መቶ አካባቢ ያስተምራል። በካሊፎርኒያ በረሃማ ሸለቆ ውስጥ ያለው ዲፕ ስፕሪንግስ ደግሞ በ1917 ከተመሠረተ ጀምሮ ተማሪዎቹ ከሠላሳ ብዙም አልፈው አያውቁም። አዲስ አበባ ወይም ጅማ ዩኒቨርሲቲን በዓይነ ኅሊናው ይዞ ለሚሄድ ሰው ይህ ቁጥር የሚገርም ነው።

ቁጥሩ ኑሮውን ይለውጠዋል። ሁለት ቀን ክፍል ብትቀሩ መምህሩ ኢሜይል ይልካል። ለቁርስ የሚቀበላችሁ የካፌ ሠራተኛ ስማችሁን በመጀመሪያው ወር ያውቃል። ይህን የሚወዱት አሉ፤ እንደ መታፈን የሚቆጥሩትም አሉ። ሁለቱም ስሜት ትክክል ነው። አንድ ነገር ግን እርግጠኛ ሆኜ እናገራለሁ፦ በእንዲህ ያለ ቦታ ለእያንዳንዱ ችግር የተመደበ ሰው አለ፣ ያም ሰው እናንተ እስክትናገሩ ይጠብቃል። የብዙ ልጆቻችን የመጀመሪያ ዓመት ከባድ የሚሆነው እርዳታ ጠፍቶ ሳይሆን በይሉኝታ ሳይጠየቅ ቀርቶ ነው።

ከግቢ ውጭ ቤት ተከራይቼ መኖር እችላለሁ?

በመጀመሪያው ዓመት አይቻልም ብላችሁ ተነሱ። ብዙዎቹ ትንንሽ ኮሌጆች ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዶቹም አራቱንም ዓመት በግቢ መኖርን ግዴታ ያደርጋሉ። የምግብ ክፍያውም አብሮ ይመጣል። ምክንያቱ አብሮ መኖርን የትምህርቱ አንድ ክፍል አድርገው ስለሚያዩት ነው።

ይህ ለብሮሹር ብቻ የተጻፈ አባባል አይደለም። በፔንሲልቬኒያ የሚገኘው የሴቶች ኮሌጅ ብሪን ማር ከ1892 ጀምሮ የዶርም ሕይወት ደንቦችን የማውጣትና የማስከበር ሥልጣን ለተማሪዎቹ ማኅበር ሰጥቷል። ብዙም የማይርቀው ሃቨርፎርድ ኮሌጅ ደግሞ የክብር ደንብ የሚባል ነገር አለው፤ ተማሪዎች በየዓመቱ ተሰብስበው ተወያይተው ያጸድቁታል፣ ፈተና የሚፈተኑትም ያለ ተቆጣጣሪ ነው። እነዚህን ኮሌጆች የሚመራው ሐሳብ፣ የአሥራ ስምንት ዓመት ወጣት ራሱን ማስተዳደር የሚማረው ሲያስተዳድር ነው የሚል ነው። እኔም አምንበታለሁ፤ ነገር ግን ለዚህ ነፃነት ያልተዘጋጀ ተማሪ መጀመሪያ ላይ ግራ መጋባቱ የማይቀር ነው።

የዶርም ጓደኛዬን ማን ይመርጥልኛል?

በበጋቸው ወራት፣ ማለትም ሰኔና ሐምሌ ላይ፣ የመኖሪያ ጽሕፈት ቤቱ መጠይቅ ይልካል። ስንት ሰዓት ትተኛለህ? ክፍልህ ንጹሕ ነው ወይስ የተዝረከረከ? ስታጠና ሙዚቃ ትከፍታለህ? እንግዳ ሲመጣ ምን ይሰማሃል? እንደ ፈተና “ትክክለኛውን” መልስ አትፈልጉ። ሌሊት የምታጠኑ ከሆነ ሌሊት ነው በሉ። ጎበዝ ለመምሰል “ማለዳ አሥራ አንድ ሰዓት እነሣለሁ” ብላችሁ የምትሞሉት መልስ በእርግጥ ማለዳ ከሚነሣ ሰው ጋር ለአንድ ዓመት ያኖራችኋል።

ስትደርሱ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሁለታችሁ ተቀምጣችሁ የስምምነት ወረቀት ትሞላላችሁ። መብራት ስንት ሰዓት ይጠፋል? የማን ምግብ የጋራ ነው? እንግዳ ማደር ይችላል? የእኛ ልጆች ብዙ ጊዜ ለሁሉም ጥያቄ “ለእኔ ምንም አይደለም” ይላሉ። ጨዋነት ነው፣ ግን ወረቀቱን ከንቱ ያደርገዋል። ከወር በኋላ የጓደኛው ፍቅረኛ በሳምንት አራት ሌሊት ማደር ይጀምራል። የእኛ ልጅ መጽሐፉን ይዞ ወደ ቤተ መጻሕፍት ይወጣል፣ ወንበር ላይ ያንቀላፋል፣ ጠዋት ገብቶ ፈገግ ብሎ ሰላም ይላል። ያ ጓደኛ ክፉ ሰው አይደለም። ያየው የሚስቅ ፊት ነው፤ ስለዚህም ምንም ችግር የለም ብሎ ያምናል። ፊትን አንብቦ “ምነው፣ ከፋህ እንዴ?” ብሎ የመጠየቅ ልማድ እዚያ የለም ባይባልም እንደ እኛ ሀገር አይደለም። ዝምታችሁን እንደ ፈቃድ ይወስዱታል።

መናገር መጣላት አይደለም። “ነገ ፈተና አለኝ፣ ዛሬ ማታ እንግዳ ባይኖር እመርጣለሁ” ማለት ይበቃል። ይህንን ያለ ሰው አይቀየሙትም። ከሦስት ወር ጥርቅም በኋላ በአንድ ቀን የፈነዳውን ሰው ግን ይቀየሙታል፣ አይረዱትምም።

አር ኤ የሚባለው እንደ እኛ ፕሮክተር ነው?

በከፊል። ፕሮክተር የዩኒቨርሲቲው ሠራተኛ ነው፤ አር ኤ ግን ከእናንተ አንድ ወይም ሁለት ዓመት የሚበልጥ ተማሪ ነው፣ በእናንተው ፎቅ ይኖራል፣ ለሥራውም ክፍያ ወይም የመኝታ ቅናሽ ያገኛል። ቁልፍ ሲጠፋ፣ ከዶርም ጓደኛ ጋር አለመግባባት ሲፈጠር፣ ሌሊት ስትታመሙ መጀመሪያ የሚንኳኳው የእርሱ በር ነው። ምሥጢር ጠባቂ ነው ብላችሁ ግን አታስቡ፤ በራሳችሁ ወይም በሌላ ሰው ላይ አደጋ አለ ብሎ ካመነ ለበላዮቹ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ምሥጢር የሚጠበቀው በምክር አገልግሎት ክፍል ነው።

ቡና ማፍላት እችላለሁ?

ይህ ጥያቄ ከሌሎቹ ሁሉ በላይ ይጠየቃል፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ።

ጀበናው ችግር የለበትም። ችግሩ ከሰሉና ዕጣኑ ነው። በየትኛውም ዶርም ማለት ይቻላል ሻማ፣ ዕጣንና ማንኛውም የተገለጠ እሳት ክልክል ነው። የኤሌክትሪክ ምድጃም በመኝታ ክፍል ውስጥ አይፈቀድም። ቡና ሲቆላ የሚወጣው ጢስ ጣሪያው ላይ ላለው የጢስ መቆጣጠሪያ ከቃጠሎ ጢስ አይለይም። ማንቂያው ይጮኻል፣ ሕንፃው በሙሉ ይወጣል፣ በየካቲት ብርድ በነጠላ ጫማና በፒጃማ በረዶ ላይ ይቆማል፤ በማግሥቱ ፈተና ያለበትም አብሮ። የከተማው እሳት አደጋ መኪና ደርሶ፣ ክፍሎቹ ተፈትሸው፣ ተመለሱ እስኪባል ማንም አይገባም። ከዚያ በኋላ የገንዘብ ቅጣት ሊኖር ይችላል። ከቅጣቱ ይልቅ የሚከብደው ግን “በእነርሱ ምክንያት ነው” የሚለው ወሬ ነው፤ በትንሽ ግቢ ወሬ ቁርስ ሳይደርስ ይዞራል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ብዙ ዶርሞች የጋራ ኩሽና አላቸው፤ መስኮት ከፍቶ፣ የአየር መሳቢያውን አብርቶ፣ በትንሽ በትንሹ መቁላት ይቻላል። ከዚያም የሚሻለው ከአገር ቤት ተቆልቶ የተወቀጠ ቡና ይዞ መሄድ ነው። ለትልቅ ዝግጅት ለውጭ ተማሪዎች ጽሕፈት ቤት አስቀድማችሁ ንገሩ፤ አመቺ ቦታ ይፈልጉላችኋል፣ ከሰል ማቀጣጠል በደጅ የሚፈቀድ ከሆነም ፈቃዱን ያወጡላችኋል። አቦል ብቻ ጠጥቶ ሊሄድ ያሰበ ሰው በረካን ሳይጠጣ እንደማይነሣ ታያላችሁ። በእነዚያ ግቢዎች ሁሉም በቀጠሮ ነው የሚኖረው፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ ስልክ ሳይነካ የሚያስቀምጥ ነገር ማግኘት ብርቅ ነው። ለማኅበረሰቡ ከምትሰጡት ሁሉ ከዚህ የሚበልጥ ስጦታ አይታየኝም።

ጾም እንዴት እይዛለሁ?

የጾም ምግብ ማግኘት ከባድ አይደለም፤ መጠንቀቅ ግን ያስፈልጋል። “ቬጀቴሪያን” የሚል ምልክት ያለበት ምግብ ሥጋ የለውም እንጂ ወተት፣ እንቁላልና ቅቤ ሊኖረው ይችላል። ለጾማችን የሚስማማው “ቪጋን” የተባለው ነው። ረቡዕና ዓርብን በዚህ ማለፍ ይቻላል። የዐቢይ ጾም ሃምሳ አምስት ቀን ሲደርስ ግን ወደ ካፌው ኃላፊ ሄዳችሁ ተነጋገሩ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለሚጾሙ የምሳው ሰዓት ችግር ይፈጥራል፤ አብዛኛው ካፌ በስምንት ሰዓት ገደማ ይዘጋልና። ምሳውን በዕቃ ቋጥራችሁ እንድትወስዱ ጠይቁ፤ የተለመደ ነገር ነው። የረመዳን ጾመኞችም እንዲሁ፦ ለሱሁር የሚሆን ምግብ ማታ አስቀድሞ እንዲሰጣቸው፣ ሐላል ሥጋ እንዲዘጋጅ ይጠይቁ። በትልቅ ዩኒቨርሲቲ ይህ ጥያቄ ቅጽ ተሞልቶ፣ ቢሮ ተዞሮ ይመለሳል። በትንሽ ኮሌጅ የወጥ ቤቱ ኃላፊ ራሱ ወጥቶ “ሽሮ የምትሉት በምን ይሠራል?” ሊላችሁ ይችላል።

በዓላትና ዕረፍት ላይስ?

እንቁጣጣሽ ትምህርት ከተጀመረ ብዙም ሳይቆይ ይመጣል፣ አዲስ ጓደኞችን ለመጥራት ደግ ጊዜ ነው። መስከረም 1 አብዛኛውን ጊዜ በእነርሱ ሴፕቴምበር 11 ላይ እንደሚውል አትርሱ፤ አሜሪካውያን የ2001ን ጥቃት ሰለባዎች የሚያስቡበት ቀን ነው። ግብዣውን ወደ ቀጣዩ ቅዳሜ ማዛወር አክብሮት ነው።

የምስጋና ቀን የሚባለው በዓል በኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ ይውላል። ግቢው ጭር ይላል፣ ካፌውም ሊዘጋ ይችላል። አንድ የክፍል ጓደኛችሁ “ቤታችን ና” ወይም “ነዪ” ካለ እሺ በሉ፤ ለይስሙላ የሚባል ግብዣ አይደለምና ሁለቴ ሦስቴ እስክትለመኑ አትጠብቁ። አንዴ “አይ፣ አመሰግናለሁ” ካላችሁ ጉዳዩ እዚያ ላይ ያበቃል፣ ባዶ ዶርም ውስጥ ትቀራላችሁ።

ከዲሴምበር አጋማሽ እስከ ጃንዋሪ ባለው ረጅም ዕረፍት ብዙ ኮሌጆች ዶርም ይዘጋሉ። ለውጭ ተማሪ ማረፊያ ይሰጣሉ፤ ማመልከቻው ግን ቀነ ገደብ አለው፣ ብዙ ጊዜም ኖቬምበር ውስጥ ያልፋል። ገና ታኅሣሥ 29 በዚህ ዕረፍት ውስጥ ወይም ጫፉ ላይ ስለሚውል፣ ሐበሻ ወዳለበት ከተማ ሄዶ ቤተ ክርስቲያን ለመሳለም ይመቻል። ፋሲካ ግን ብዙውን ጊዜ የዓመቱ መጨረሻ ፈተና በሚቃረብበት ወቅት ነው፤ ለመምህራን ቀደም ብሎ መናገር ያስፈልጋል።

መሥራት እችላለሁ? ሥራውስ ያሳፍራል?

ኤፍ-1 የሚባለው የተማሪ ቪዛ ያለው ሰው ትምህርት በሚሰጥበት ወቅት በሳምንት እስከ 20 ሰዓት በግቢው ውስጥ መሥራት ይችላል። ቤተ መጻሕፍት፣ ካፌ፣ ጂምናዚየም፣ ላቦራቶሪ።

የዕቃ ማጠቢያውን ሥራ ለእናቱ መንገር የሚከብደው ልጅ አለ። ለእርሱ የቤሪያ ኮሌጅን ነገር እነግረዋለሁ። ቤሪያ ከ1892 ጀምሮ የትምህርት ክፍያ አያስከፍልም፤ በምትኩ እያንዳንዱ ተማሪ በሳምንት ቢያንስ አሥር ሰዓት ይሠራል። መጥረጊያ የሚሠሩ፣ ሸማ የሚሸምኑ፣ እርሻ የሚያርሱ፣ የኮሌጁን ሆቴል የሚያስተናግዱ፣ ኮምፒውተር የሚጠግኑ ተማሪዎች ናቸው። ከሥራ ነፃ የሆነ ማንም የለም። በዲፕ ስፕሪንግስም ተማሪዎቹ ላም ያልባሉ፣ ለሁሉም ምግብ ያበስላሉ፣ አዲስ ተማሪ የሚመርጠው ኮሚቴ ውስጥም ይቀመጣሉ። ሥራ ያለበት ቦታ ወዳጅነትም ይፈጥናል፤ አብሮ ድስት ያጠበ ሰው በሴሚናር ላይ ለመናገር አይፈራችሁም፣ እናንተም አትፈሩትም።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፣ በቀላሉ እንዳታዩት። በአቅራቢያ ከተማ ባለ ምግብ ቤት ወይም ሱቅ “በእጅ እንከፍልሃለን” ተብሎ ያለ ፈቃድ መሥራት የተማሪነት ሕጋዊ መብታችሁን ሊያሳጣ ይችላል። ቤተሰብ ገንዘብ እንደሚጠብቅ ይገባኛል። አራት ዓመት የሚያስገኘውን በአንድ ክረምት ደመወዝ መለወጥ ግን ለቤተሰቡም አይጠቅምም።

ወንድና ሴት በአንድ ሕንፃ ይኖራሉ?

በአብዛኛው አዎ፤ አንዳንዴ በአንድ ፎቅ። ይህ የማይመቻችሁ ከሆነ የሴቶች ወይም የወንዶች ብቻ ፎቅ መኖሩን በመጠይቁ ላይ ጠይቁ። ምክንያት ለመደርደር አትገደዱም። እንደ ብሪን ማር፣ ስሚዝና ማውንት ሆልዮክ ያሉ የሴቶች ኮሌጆችም አሉ።

መጠጥስ?

በመላው አሜሪካ የመጠጫ ዕድሜ 21 ዓመት ነው። ግብዣ ላይ ጠርሙስ ይዞራል፣ ለስላሳ ይዞ መቆም ደግሞ ማንንም አያስገርምም። ሰው ራሱን ስቶ ከወደቀ ግን ቅጣት ፈርታችሁ ዝም አትበሉ፣ ወዲያው እርዳታ ጥሩ። ብዙ ኮሌጆች ሕይወት ለማዳን የደወለን ተማሪ የማይቀጡበት ደንብ አላቸው።

ወላጅ ነኝ። ስለ ልጄ ኮሌጁን ብጠይቅ ይነግረኛል?

እርስዎ እንደሚጠብቁት አይነግርዎትም። በ1974 የወጣ የፌዴራል ሕግ የተማሪን የትምህርት መዝገብ ምሥጢርነት ይጠብቃል፤ ኮሌጅ የገባ ተማሪ መብቱ የራሱ ነው። ውጤቱን፣ የዲሲፕሊን ጉዳዩን፣ የትኛውንም መዝገብ ያለ እርሱ ፈቃድ ለመስጠት ኮሌጁ ይጠነቀቃል። ሕይወትን የሚያሰጋ ድንገተኛ ሁኔታ ሲፈጠር ግን ለቤተሰብ ማሳወቅ ይፈቀዳል፤ ስለዚህ ልጅዎ በሚሞላው የድንገተኛ ጊዜ ተጠሪ ቅጽ ላይ ትክክለኛው የስልክ ቁጥርዎ መግባቱን ያረጋግጡ። ከሁሉ የሚሻለው ከመሄዱ በፊት በሳምንት ስንት ጊዜ እንደምትደዋወሉ መስማማት ነው። በየቀኑ ሌሊት ስምንት ሰዓት የሚደወል ስልክ፣ በፍቅር ቢሆንም፣ ልጁን ካለበት ቦታ ጋር እንዳይላመድ ያደርገዋል።

ሐበሻ ባይኖርስ? ቢከፋኝስ?

በትንሽ ኮሌጅ ሁለት ወይም ሦስት ኢትዮጵያውያን ብቻ፣ አንዳንዴም እናንተ ብቻ ልትሆኑ ትችላላችሁ። የአፍሪካ ተማሪዎች ማኅበር ካለ በመጀመሪያው ሳምንት ሂዱ። ጥቁር አሜሪካውያን ተማሪዎችንም ቅረቡ፤ እናንተ ዛሬ በነፃነት የምትገቡበት ዶርም በእነርሱ አያቶች ትግል የተከፈተ ነው። ቤሪያን ያነሣሁት ለዚህም ነው፦ በባርነት ተቃዋሚዎች በ1855 ተመሥርቶ ጥቁርና ነጭን አብሮ ሲያስተምር፣ በ1904 የወጣ የኬንተኪ ሕግ ከለከለው፤ ሕጉ ተሻሽሎ ጥቁር ተማሪዎች የተመለሱት በ1950 ነው።

ኀዘን ከኖቬምበር በኋላ ይመጣል። ቀኑ ያጥራል፣ ገና በአሥራ አንድ ሰዓት ይጨልማል፣ ከቤት የሚደወለው ስልክ ያስለቅሳል። እንቅልፍ እንቢ ሲል፣ ምግብ ሲያስጠላ፣ ክፍል መግባት ሲከብድ ወደ ምክር አገልግሎት ሂዱ። በአብዛኛው ነፃ ነው። መሄዱ እብደት አይደለም፣ በትምህርት መዝገባችሁም ላይ አይጻፍም። ጸሎቱንም፣ የንስሐ አባትን ምክርም አያስቀርም።

ቤት ቤት የሚሸት ቦታም ፈልጉ። በሚኒሶታ ኖርዝፊልድ ከተማ ያለው ካርልተን ኮሌጅ አንድ ቤት አለው፤ ለረጅም ዘመን በኮሌጁ ስትሠራ የኖረች ዴሲ ሞዝስ የምትባል ሴት አውርሳው ያለፈችው ነው። ዱቄቱ፣ ስኳሩ፣ ቅቤው ተዘጋጅቶ ይቀመጣል፤ ማንኛውም ተማሪ ገብቶ ብስኩት መጋገር ይችላል፣ የተጋገረውንም የመጣ ሁሉ ይበላል። በሕይወት ሳለች ደጇ ለተማሪ ክፍት ነበር፣ አሁንም ነው። እንዲህ ያለ ቤት በሁሉም ዘንድ የለም፤ በየግቢው ግን ተማሪ ሰብስቦ የሚያበላ መምህር፣ ቄስ ወይም የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ አይጠፋም። “የውጭ ተማሪ ነኝ፣ ብቸኝነት ተሰምቶኛል” ካላችኋቸው ማዕዳቸውን ያሰፋሉ።

ምን ይዤ ልሂድ?

አልጋ፣ ፍራሽ፣ ጠረጴዛ፣ ወንበርና ቁም ሣጥን ይጠብቃችኋል። አንሶላ፣ ትራስና ብርድ ልብስ አይሰጥም። የዶርም ፍራሽ አብዛኛውን ጊዜ ከተለመደው የአንድ ሰው ፍራሽ ይረዝማል፣ ሁለት ሜትር ያህል፤ ከአዲስ አበባ የተገዛ አንሶላ ላይደርስ ስለሚችል እዚያው ግዙ። ጋቢ ግን ያዙ፣ ክረምቱን ሁሉ ያገለግላችኋል። ወፍራም ካፖርትና የበረዶ ጫማ ከዚያ መግዛት ይሻላል፤ ብዙ ኮሌጆች የተመራቂዎችን የክረምት ልብስ ሰብስበው ለአዲስ የውጭ ተማሪዎች በነፃ ይሰጣሉ፣ የውጭ ተማሪዎች ጽሕፈት ቤቱን ጠይቁ።

የአሜሪካ ኤሌክትሪክ 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። የስልክና የኮምፒውተር ቻርጀር ላይ ከ100 እስከ 240 የሚል ከተጻፈ የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ይበቃዋል። የፀጉር መተኮሻና ካውያ ግን እዚያ በአግባቡ አይሠሩም፣ አትሸከሙ።

በርበሬ፣ ሽሮና የተቆላ ቡና በደንብ ታሽጎ ይገባል፤ ቋንጣ አይገባም። የያዛችሁትን ምግብ ሁሉ ለጉምሩክ አስታውቁ፤ ያሳወቀ ሰው ቢበዛ ዕቃው ይወሰድበታል፣ የደበቀ ይቀጣል።

የክትባት ወረቀታችሁን በእንግሊዝኛ አስተርጉማችሁ በእጅ ሻንጣ ያዙ። የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ትጠየቃላችሁ። በሕፃንነታችሁ የቢሲጂ ክትባት ከወሰዳችሁ የቆዳው ምርመራ በሽታው ሳይኖር “አለ” ሊል ይችላል፤ ስለዚህ ክትባቱን መውሰዳችሁን ተናግራችሁ የደም ምርመራ እንዲደረግላችሁ ጠይቁ።